በደጋ አገር ኬክን ስለ ማስጌጥ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «አንተስ ስለ ምን ትጽፋለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ስለ ኬክ ጌጥ» ብዬ ብመልስ የክፍል ጓደኞቼ ከት ብለው ሳቁብኝ። ወንድ ልጅ ስለ ጓዳ ሥራ ምን ይጽፋል ማለታቸው ነው። በመሳቃቸው አልተቀየምሁም፤ ባለፈው ጥር በታላቅ እኅቴ ሠርግ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ እየተነሡ ከኬኩ የበሉት እነዚሁ ሳቂዎች ናቸውና።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። እኅቴ የታጨችው ለአንድ የደባርቅ ልጅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ አንድ ጊዜ ሲዘጋ አንድ ጊዜ ሲከፈት ሠርጉ ሁለት ጊዜ ተላለፈ። ሦስተኛው ቀጠሮ ሲቃረብ ለድግሱ የተቀመጠው ገንዘብ ተመናምኖ ስለ ነበር አባቴ «ጠላው አለ፤ ወጡ አለ፤ ድፎ ዳቦው አለ፤ የኬኩ ነገር ይቅር» አሉ። እኅቴ ምንም አልመለሰችም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን በክረምቱ ዕረፍት በፒያሳ በአንድ ኬክ ቤት ዕቃ በማጠብ ሠርቼ ስለ ነበር፣ አጣቢ መሆኔን ረስቼ «እኔ እሠራዋለሁ» አልሁ። ይህን ያልሁት በጥቅምት ወር ሲሆን ለሠርጉ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።

በከተማችን ትልቁን ኬክ «ቶርታ»፣ መጋገሪያውንም «ፎርኖ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሁለቱም የጣሊያን ቃላት ናቸው። የጣሊያን ጦር ጎንደርን በ1928 ዓ.ም. ይዞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ ቆይቶባታል። ስኳሩም ቢሆን በአገራችን ፋብሪካ በብዛት መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ሥራ ሲጀምር ነው፤ ከዚያ በፊት በደጋው ቤት ጣፋጭ ማለት ማር ነበር። ስለዚህ አያቴ የኬክን ክሬም «ይህ አረፋ» ብለው ቢጠሩት አይፈረድባቸውም።

የመጀመሪያውን ኬክ ከጎረቤት በተዋስነው ኦቨን ጋገርሁ። መጽሐፉ እንዳዘዘው መዝኜ፣ እንዳዘዘው መትቼ ነበር። ኬኩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተነፍቶ ከቆርቆሮው አፍ በላይ ወጣ፤ ሁላችንም ተደሰትን። ወዲያው መካከሉ ሰምጦ እንደ ገበታ ጎደጎደ። ክሬሙን ብቀባበት ከጠርዙ ወደ ጉድጓዱ ተንሸራቶ ተጠራቀመ። ትንሹ ወንድሜ «የፋሲል መዋኛ!» ብሎ ስም አወጣለት።

ምክንያቱን የነገሩን የፊዚክስ መምህራችን ናቸው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። ውኃም በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ወደ 2,800 ሜትር በምትጠጋው ደባርቅ ደግሞ በ91 ገደማ። አየሩ ከላይ የሚጫነው ሲያንስ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ፈጥኖ ያብጣል፤ ዕንቁላሉና ዱቄቱ ገና ሳይጠነክሩ ኬኩ ተነሥቶ ያልቃል፤ የሚደግፈው ስለሚያጣም ይወድቃል። መጻሕፍቱ አብዛኞቹ የተጻፉት ለቈላና ለባሕር ዳር ሰዎች ነውና በእነርሱ ዘንድ ስሕተት የለም። እኔም ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀነስሁ፤ ከስኳሩም በእያንዳንዱ ስኒ አንድ የሾርባ ማንኪያ አጐደልሁ፤ ሁለት ማንኪያ ወተት ጨመርሁ፤ ሙቀቱንም በ10 ዲግሪ ከፍ አደረግሁ። ሁለተኛው ኬክ ጠፍጣፋ ራስ ይዞ ወጣ። ጌጥ የሚቆመው በጠፍጣፋ ራስ ላይ ነውና ስለ ክሬም ከማውራቴ በፊት ይህን ማስቀደሜ ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጌጡ ልምጣ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የደቀቀ ስኳር ነው። ይህ ከሱቅ ቢገኝም ዋጋው የሚቀመስ ስላልሆነ ተራውን ስኳር ፀሐይ ላይ አድርቄ በሙቀጫ ወቀጥሁት፤ በወንፊት ከነፋሁት በኋላም በስስ ነጠላ አንድ ጊዜ ደግሜ ነፋሁት። በጥርስ መካከል «ቀጭ» የሚል ቅንጣት ከቀረ ለጌጥ አይሆንም፤ የኮርኔቱን ቀዳዳ ይደፍናልና። ኮርኔት ያልሁት ክሬም የሚጨመቅበትን ሹል ከረጢት ነው። ለዚህም አዲስ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ አጥቤ እንደ ቆሎ ጥቅልል ጠቅልዬ ጫፉን በመቀስ ቈረጥሁ።

ለውጭው ቅብ የሚስማማው ክሬም ለጋ ቅቤ በስኳር የተመታበት ነው። ቅቤው አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ አለዚያ አሬራው ይቀርበትና ክሬሙ ውኃ ያወጣል። በዚህ ረገድ ደጋው ለእኛ አድልቶልናል፤ በመተማ ሙቀት የሚቀልጠው ክሬም በጎንደር ቀጥ ብሎ ይቆማል። በደባርቅ ብርድ ግን ይደርቅና ኬኩን እየገነጠለ ይነሣል፤ ጎድጓዳ ሳሕኑን በሞቀ ውኃ ላይ ጥቂት ማቆየት ያሻል። መጀመሪያ በስሱ ቀብቶ ፍርፋሪውን ማሰር፣ እስኪጠና መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ዋናውን መቀባት ነው። ኬክ ቤቶች የሚሽከረከር ማስቀመጫ አላቸው። እኔ ኬኩን በሰፌድ ላይ፣ ሰፌዱን በተደፋ ጎድጓዳ ሳሕን ላይ አድርጌ ቢላዋውን ሳላንቀሳቅስ ሰፌዱን አዞርሁ፤ የውጭ ዕቃ አልናፈቀኝም።

ለሥዕሉ የሚሆነው ደግሞ በዕንቁላል ነጭ የሚሠራው፣ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚጠነክረው ነው። እንግሊዞች «ሮያል አይሲንግ» ይሉታል። ስሙም በ1840 እ.ኤ.አ. ከተደረገው ከንግሥት ቪክቶሪያ ሠርግ ጋር ይያያዛል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈው መልሱ የዘገየባቸው ያችው ንግሥት ናት። ለአንድ ዕንቁላል ነጭ ከ150 እስከ 200 ግራም የደቀቀ ስኳርና ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይበቃል። ጥሬ ዕንቁላል ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ተሕዋስ ሊይዝ ስለሚችል፣ ነጩንና ከስኳሩ ጥቂቱን በእንፋሎት ላይ እያማሰሉ እስከ 71 ዲግሪ ማሞቅ ይገባል። ይልቁንም ሕፃናትና ሽማግሎች የሚበሉት ከሆነ ይህን መተው አይቻልም።

ለዚህ ሥራ ቴርሞሜትር ተውሼ ሳለ አንድ ስንፍና ሠራሁ። የፈላ የስኳር ሽሮፕ የሚጨመርበትን ሌላ ዓይነት ክሬም ልሞክር ብዬ፣ መጽሐፉ 115 ዲግሪ ስላለ ሽሮፑን እስከ 115 አፈላሁት። ዕንቁላሉ ላይ ሳፈስሰው ክርክር እያለ እንደ ጠጠር ደረቀ። በእኛ ከፍታ ውኃው ቶሎ ስለሚተን ሽሮፑ የሚደርሰው በ108 ገደማ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ማሳረር ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠፋ፤ እናቴም ለአንድ ቀን አላናገሩኝም። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ሽሮፑን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጠብ አድርጎ በጣቱ ይፈትነው፤ ለስላሳ ድቡልቡል ከሆነ ደርሷል። ይህ ፈተና በጎንደርም ሆነ በምጽዋ አይለወጥም።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። የልምምዴ ጊዜ ከፊቴ ነበር፤ በቤታችን ግን ዕንቁላልና ቅቤ የነካውን የሚቀምስልኝ አልነበረም። ጌጥ መሥራት ለማቆም ተቃርቤ ሳለሁ አንድ ነገር አነበብሁ፦ ዦኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ በ2014 እ.ኤ.አ. የጥራጥሬ መቀቀያ ውኃ እንደ ዕንቁላል ነጭ ተመትቶ አረፋ እንደሚወጣው አስታወቀ። ሽምብራ! የደምቢያ ሽምብራ በሞላበት አገር ውኃውን ስንደፋ ኖረናል! ሌሊቱን የተዘፈዘፈውን ሽምብራ ቀቅዬ ውኃውን እንደ ዕንቁላል ነጭ እስኪወፍር አተነንሁት፤ አቀዘቀዝሁት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያው የአንድ ዕንቁላል ነጭ ያህል ይሠራል። መምታቱ ዐሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ ክንድ ይፈልጋል። ስኳሩና ሎሚው ሲገባበት ነጭ ሆኖ ቆመ። በዘይት የተጋገሩትን፣ በወረቀት ኩባያ ያሉትን ትንንሽ ኬኮች በዚህ አስጌጬ ለአያቴ ሰጠኋቸው። «ምን አለበት?» አሉኝ። «ሽምብራ» አልኋቸው። ጠርጥረው አሸተቱት፤ ከዚያም በሉት።

የጌጡን ሥርዓት ያስተማሩኝ እናቴ ናቸው፤ በመሶብ ስፌት እጃቸው የታወቀ ነው። እኔ በዓይን ግምት ስስል አበባዎቹ አንድ ወገን ይበዙ ነበር። እርሳቸው ክር አምጥተው በኬኩ ዙሪያ ለኩና ክሩን ሁለት፣ አራት፣ ስምንት አድርገው አጠፉት፤ በእጥፋቱም ልክ በስንጥር ምልክት አደረጉ። በዚህ ላይ የመሶቡን ጥርስ፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች፣ ብናዞርበት ሳይዛነፍ ገጠመ። ቀዩን ከቀይ ሥር፣ ቢጫውን ከእርድ አወጣን። ቀለሙ በጠብታ ብቻ ይግባ፤ ከበዛ ክሬሙን ያቀጥነዋል። የውፍረቱ መለኪያም ቀላል ነው፤ ክሬሙን በቢላዋ ሲሰነጥቁት እስከ ዐሥር በሚቈጠርበት ጊዜ ስንጥቁ ከተዘጋ ለሜዳው መሙያ ይሆናል፤ ቀጥ ብሎ ከቀረ ለጠርዝ ነው። እናቴ ኮርኔት ይዘው አያውቁም ነበር፤ በአንድ ምሽት ግን በልጠውኝ ሄዱ።

አንድ ክርክር ብቻ ቀረ። እኔ በኬኩ አናት ላይ የጎንደር መስቀል ልሥል ፈልጌ ነበር። አያቴ ከለከሉኝ። «እማማ፣ በድፎው ላይስ መስቀል ይደረግ የለምን?» ብላቸው «ድፎው የሚባረክ ነው፤ ያንተ የሚላስ ነው» አሉኝ። ልከራከር አሰብሁና ተውሁት፤ በመስቀሉ ፈንታ የመሶቡን ክዳን ጉልላት ሠራሁ።

በሠርጉ ዋዜማ መብራት ጠፍቶ ሦስተኛውን ደርብ የጋገርነው ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፣ ሲመጣ ጠብቀን ነው። ክሬሙን ስቀባ እኅቴ ሂናዋ እንዳይነካብኝ እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ ከበሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ እስክጨርስ ድረስ አልተቀመጠችም።

በማግሥቱ ድፎው ተባርኮ ተቈረሰ፤ ቀጥሎ ሙሽሮቹ ኬኩን ቈረሱ። አያቴ ከጠርዙ አንዱን ቀይ ጥርስ በጣታቸው አንሥተው አፋቸው ውስጥ አደረጉና ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ሽምብራ ነው?» አሉኝ።

«ዛሬስ ዕንቁላል ነው፣ እማማ።»

«የሽምብራው ይሻል ነበር» አሉና ሁለተኛውን ጥርስ አነሡ።