ካንዴላ በቤታችሁ መቀየር፦ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ልጆች ደረጃ በደረጃ

ባጃጇ ትናንት ማታ ደህና ነበረች። ዛሬ ጠዋት ግን ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ተነሳ ስትሉ ደግሞ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ሲያይ ጉልበት ያጣል። ቤንዚኑን ግን ከወትሮው በላይ ይጠጣል።

በቀን ገቢ ለሚሠራ ሾፌር ይህ ቀልድ አይደለም። ጋራዥ ቆሞ የዋለ ባጃጅ ገቢ አያስገባም፣ ባለንብረቱ ግን ገቢውን ይጠብቃል። ከወልድያ መርሳ ሲሄድ ሲሪንቃ ላይ የቆመ መኪናም ያው ነው፤ መጎተቻው ከጥገናው በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ጣት የምታክል ዕቃ ናት፦ ካንዴላ። ጥንቃቄ ካላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ልትቀይሯት ትችላላችሁ። እንዴት? እነሆ።

መጀመሪያ፦ የእናንተ መኪና ካንዴላ አለው?

ቤንዚን የሚጠቀም ሞተር ካንዴላ አለው። ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ቤንዚን ኮሮላ አላቸው። አይሱዙና ሌላ የናፍጣ መኪና የለውም፤ ናፍጣ የሚቀጣጠለው አየሩ በኃይል ታምቆ ሲግል ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም የለውም።

በነገራችን ላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይፈለጋል። ስለዚህ ያለንን መንከባከብ ግድ ነው።

ካንዴላ ምን ትሠራለች?

ስሙ የጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙም ሻማ። ጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸው ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ የመሳሰሉት ቃላትም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው።

ሥራዋ ቀላል ይመስላል፦ ብልጭታ መስጠት። ሞተሩ ውስጥ የገባው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ፒስተኑ ሲያምቀው ካንዴላዋ ብልጭ ትላለች፣ ድብልቁ ይቀጣጠላል፣ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል። ባትሪው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ኮይሉ ግን ያንን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ያደርገዋል። ያ ኃይል ካንዴላዋ ጫፍ ላይ ያለችውን 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነች ክፍተት ዘሎ ሲያልፍ ነው ብልጭታው የሚፈጠረው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዷ ካንዴላ በደቂቃ 1500 ጊዜ ድብልቁን ማቀጣጠል አለባት። በሴኮንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። እንዲህ እየሠራች ጫፏ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ብልጭታውም ይደክማል። የሚቃጠለው ቤንዚን ሳይቃጠል በማርሚታ ይወጣል። እናንተ የከፈላችሁበት ቤንዚን!

መቼ ነው የምትቀየረው?

ተራዋ የኒኬል ካንዴላ በአብዛኛው 30,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች። ፕላቲኒየምና ኢሪዲየም ጫፍ ያላቸው እስከ 100,000 ሊደርሱ ይችላሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ነው። ትክክለኛው ቁጥር የመኪናችሁ መመሪያ ላይ ያለው ነው። ነገር ግን ኪሎ ሜትሩ ሳይደርስ እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ፈትታችሁ እዩ፦

• ጠዋት ለመነሳት ማስቸገር
• ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጥ
• ነዳጅ ሲሰጡት መደናቀፍ፣ ዳገት ላይ መድከም
• ከወትሮው በላይ ቤንዚን መጨረስ
• ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት መብራት። ብልጭ ድርግም ካለ በፍጥነት መንዳት አቁሙ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታው ጋ ያለውን የጭስ ማጣሪያ ያበላሻል።

ምን ያስፈልጋል?

• የካንዴላ መፍቻ። ለብዙ መኪና 16 ወይም 21 ቁጥር፤ አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች 14 ይፈልጋሉ። ውስጡ ጎማ ወይም ማግኔት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ካንዴላዋን ይዞ ይወጣል።
• ማራዘሚያና ማዞሪያ
• 10 ቁጥር መፍቻ፣ የኮይሉን ቡሎን ለመፍታት
• ፊለር ጌጅ የሚባለው ስስ የመለኪያ ብረት
• የሳይክል መንፊያ ፓምፕ፣ አቧራ ለማራገፍ
• አንድ ስንዝር የጎማ ቱቦ። ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

ወደ ሥራው

1. ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ይህን አትዝለሉ። የብዙ ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም ነው። ትኩስ እያለ ካንዴላ ከፈታችሁ የቴስታታው ጥርስ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ማታ አቁማችሁ ጠዋት ብትሠሩት ጥሩ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ አጠገባችሁ ሲጋራ አይኑር።

2. ቦታውን ፈልጉ። መኪና ላይ ኮፈኑን ከፍታችሁ የላስቲክ ሽፋን ካለ አንሱት። ባጃጅ ላይ ሞተሩ ከኋላ ነው። አንዳንድ የባጃጅ ኩባንያ ሞተሮች ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላላቸው አንዷን ብቻ ቀይራችሁ እንዳትዘጉ።

3. አንድ በአንድ። ሁሉንም በአንዴ አትፍቱ። በተለይ የቆዩት መኪኖች ላይ ገመዶቹ ከተቀያየሩ ሞተሩ አይነሳም። አንዱን ፈትታችሁ፣ ቀይራችሁ፣ ገጥማችሁ ወደ ቀጣዩ። የኮይሉን ሶኬት መቆለፊያውን ተጭናችሁ ሳቡት፤ ገመድ ከሆነ ገመዱን ሳይሆን ቆቡን ይዛችሁ ነው የሚሳበው።

4. አቧራውን አራግፉ። ይህ ለእኛ አካባቢ ዋና ነገር ነው። የሀብሩ የገጠር መንገድ አቧራ ካንዴላዋ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ሳታጸዱ ከፈታችሁ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል፣ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። በፓምፑ በደንብ ንፉ። ዓይናችሁን ጠብቁ።

5. ፍቱ። ወደ ግራ። በጣም ከጠበቀ አትታገሉት፤ የዛገ ቡሎን የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ጠብቁ፣ ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ እያላችሁ አላቁት።

6. አዲሷን ለኩ። ክፍተቱ በብዙ ሞተር ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው፤ የእናንተው ስንት እንደሆነ መመሪያው ይነግራችኋል። ተራዋ ካንዴላ ከሆነች የጎን ብረቷን በቀስታ አስተካክሉ። ኢሪዲየም ከሆነች ግን ጫፏን አትነካኩ፤ ቀጭንና ተሰባሪ ናት። ሲሚንቶ መሬት ላይ የወደቀች ካንዴላም አትገጠምም፤ ነጩ ሸክላ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።

7. በእጅ ጀምሩ። የጎማ ቱቦዋ ሥራ እዚህ ጋ ነው። የካንዴላዋን ላይኛ ጫፍ ቱቦው ውስጥ ሰክታችሁ ወደ ጉድጓዱ አውርዷት። መጀመሪያ ወደ ግራ ትንሽ አዙሩ፣ ጥርሱ ሲገጥም ይሰማችኋል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ጠማማ ከገባች ቱቦው እጃችሁ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ጥርሱን አይበላም። በመፍቻ የጀመረ ግን ሳያውቀው ጥርስ ይበላል። የተበላ የቴስታታ ጥርስ ማለት ቶርኖ ቤት ማለት ነው፤ በካንዴላ የተጀመረው ወጪ የት እንደሚደርስ አስቡት።

8. አጥብቁ፣ ግን በልክ። በእጅ እስኪቆም ድረስ አስገቡ። ከዚያ ቀለበት ያላት አዲስ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ካንዴላ ከሆነች በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃታል። ቀለበት የሌላትና መቀመጫዋ ሾጠጥ ያለው ደግሞ ትንሽ ብቻ፣ የአንድ ዙር አንድ አሥራ ስድስተኛ። ካርቶኑ ላይ ሥዕሉ አለ። ጥርሱ ላይ ግሪስ አትቀቡ።

9. ኮይሉን ጫኑ፣ ቡሎኑን እሰሩ፣ ሶኬቱ ቀጭ ማለቱን ስሙ። ሁሉም ሲያልቅ ባትሪውን መልሳችሁ አስነሱ። አልነሳም ወይም ተንቀጠቀጠ? በመጀመሪያ ያልገባ ሶኬት ፈልጉ።

አሮጌዋን አትጣሏት፣ አንብቧት!

የወጣችው ካንዴላ ስለ ሞተራችሁ ትናገራለች፦

• ቡናማ ወይም ግራጫ፦ ሞተሩ ጤነኛ ነው።
• ደረቅ ጥቁር ጥላሸት፦ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ።
• በዘይት የራሰ ጥቁር፦ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ ፋሻው ወይም ቫልቩ ደክሟል። አዲስ ካንዴላ አይፈውሰውም።
• ነጭና የነፈረ፦ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው፣ ወይም ካንዴላዋ የዚህ ሞተር አይደለችም።
• በቤንዚን የራሰች፦ ብልጭታ የለም፤ ኮይሉን ወይም ገመዱን አስፈትሹ።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ነገር አለ። ካርቡራተር ያለው የቆየ መኪና ዝቅ ያለው መርሳ ላይ ተስተካክሎ ወልድያን አልፎ ወደ ድልብና ወደ ጋሸና ደጋ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አይግረማችሁ። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ 3000 ላይ በ30 በመቶ ገደማ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ካንዴላዋም ጥላሸት ትለብሳለች። አዳዲሶቹ ሞተሮች በኮምፒውተር ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ሌላው በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ነው። ማደያ ሲደርቅ ምርጫ እንደሌለ እናውቃለን። ግን ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ካንዴላዋም ቶሎ ትቆሽሻለች። ቀለሙንና ሽታውን ሳታዩ አትቅዱ።

ስትገዙ

አሮጌዋ ላይ ያለውን ኮድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ሂዱ። "ትገጥማለች" እና "ትሆናለች" አንድ አይደሉም። ጥርሷ የረዘመ ካንዴላ ፒስተን ልትመታ ትችላለች። ኤንጂኬ፣ ዴንሶና ቦሽ ታዋቂ ናቸው፤ ታዋቂ ስለሆኑም አስመስለው የሚሠሩባቸው በዝተዋል። ጽሑፏ የደበዘዘ፣ ጥርሷ ሻካራ፣ ዋጋዋ ከሌላው ሱቅ በጣም የወረደ ከሆነ ተጠንቀቁ። ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ከሆነ አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ቤት ያደርስ ይሆናል፣ ጥገና ግን አይደለም።

መቼ እጅ ማንሳት አለባችሁ?

ካንዴላዋ ከተሰበረች፣ ጥርሱ ከተበላ፣ ወይም ቀይራችሁም ችግሩ ካልጠፋ ወደ መካኒክ ሂዱ። አንድ ነገር ደግሞ በጭራሽ እንዳትሞክሩ፦ ሞተሩ እየሠራ ገመድ ወይም ኮይል ነቅሎ ብልጭታ ማየት። ያ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው፤ አጠገቡ ደግሞ የቤንዚን ትነት አለ።

ጽሑፉን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። ባጃጅ ለሚነዳ ወንድም፣ ቪትዝ ላላት እህት ሼር አድርጉት። ሰላም ግቡ።