በካልጋሪ ያገለገለ ቶዮታ ካምሪ መግዛት፦ ዝናው ምን ያህል ያስተማምናል?

ወደ ካናዳዋ ካልጋሪ የሚመጣ ሰው ቤት ከተከራየና ሥራ ካገኘ በኋላ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ መኪና ነው። ከተማዋ ሰፊ ናት። ሲ-ትሬይን የሚባለው የከተማ ባቡር የማይደርስባቸው መጋዘኖች፣ ፋብሪካዎችና የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ጥቂት አይደሉም። በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ደግሞ በክረምት ቆሞ አውቶቡስ መጠበቅ ከባድ ፈተና ነው።

ታዲያ የትኛው መኪና ይገዛ? ጥያቄው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በሚገኙበት ኢንተርናሽናል አቬኑ ቢነሳ መልሱን መገመት አይከብድም፦ «ቶዮታ ግዛ፤ ካምሪ ካገኘህ ደግሞ አትለፈው።»

ምክሩ መሠረት አለው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ካምሪ በሚለው አንድ ስም የተሸጡ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ብቻ የሚለያዩ መኪኖች በጥንካሬያቸው እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። የካልጋሪ ቅዝቃዜ፣ የጋራዥ ዋጋና የአልበርታ ክፍለ ግዛት ሕግም የገዢውን ስሌት ይቀይሩታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝናው ከየት መጣ?

አዲስ አበባ ላደገ ሰው የቶዮታ ጥንካሬ ማስረጃ አያሻውም። በ1980ዎቹ የተሠሩና «ዲኤክስ» በሚል ስም የሚታወቁ ኮሮላዎች ከ30 ዓመታት በላይ ሲያገለግሉ አይቷል። ሞተራቸው ቀላል ነው፤ መለዋወጫቸው ከሶማሌ ተራ አይጠፋም። መንግሥት በ2020 ባወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር መጣሉ፣ በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየትን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል።

ይሁን እንጂ የእነዚያ መኪኖች ዕድሜ የፋብሪካው ሥራ ውጤት ብቻ አይደለም፤ የመካኒኩም እጅ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር አውርዶ፣ ፈትቶና የተበላውን ክፍል ቀይሮ መልሶ መግጠም የተለመደ ሥራ ነው። በካልጋሪ ግን ጋራዦች ለአንድ ሰዓት የእጅ ሥራ ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። ሞተር መፍታት ብዙ ሰዓት ይወስዳል። በመሆኑም አካሉ ደህና የሆነ መኪና የጥገናው ሂሳብ ከራሱ ዋጋ ስለሚበልጥ ብቻ ወደ ቁርጥራጭ ብረት መሸጫ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ የሚዳን በሽታ ካልጋሪ ላይ የመኪናው መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ዘይት የሚበላው ሞተር

በዝቅተኛ ዋጋ ከሚቀርቡት ካምሪዎች መካከል ከ2007 እስከ 2011 ባሉት የሞዴል ዓመታት የተሸጡት ይገኙበታል። መልካቸው ተመሳሳይ ነው። በኮፈናቸው ሥር ያለው ግን ይለያያል። ከ2007 እስከ 2009 የነበሩት ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች 2.4 ሊትር ሞተር ተገጥሞላቸዋል። በ2010 እና በ2011 ሞዴሎች ይህ ሞተር በ2.5 ሊትር ተተክቷል።

የ2.4 ሊትሩ ሞተር የታወቀ ድክመት ዘይት መብላቱ ነው። ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ጠርገው ወደ ታች መመለስ አለባቸው። በዚህ ሞተር ውስጥ ቀለበቶቹና የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹ በጊዜ ብዛት በጥላሸት ይያዛሉ። ያኔ ዘይቱ ወደ ላይ ያልፍና ከቤንዚን ጋር አብሮ ይቃጠላል። ቶዮታ ችግሩን ተቀብሎ የተሻሻሉ ፒስተኖችና ቀለበቶች አዘጋጅቷል፤ በአሜሪካም ለተወሰኑ ዓመታት ዋስትናውን አራዝሞ ነበር። ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ ይህን መኪና የሚገዛ ሰው ጥገናው በራሱ ኪስ ነው።

አደጋውን በቁጥር ማየት ይቻላል። ቶዮታ ጥገና ያስፈልገዋል ብሎ የወሰነው ሞተር በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ሊትር የሚጠጋ ዘይት የሚጨርሰውን ነው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ከ4 ሊትር ብዙም አይበልጥም። ባለቤቱ መሐል ላይ ሳይጨምር በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ለማስቀየር ቢጠብቅ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚቀየር ዘይት ላይኖር ይችላል። በቀን 200 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የታክሲ ወይም የዕቃ አድራሽ ሹፌር አንዱን ሊትር በአሥር ቀን ውስጥ ይጨርሳል።

በመሪው ፊት ለፊት የሚበራው ቀይ የዘይት መብራትም አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። መብራቱ የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም። እሱ ሲበራ ጉዳቱ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹ የካምሪ ድክመቶች

ከ2002 እስከ 2006 በተሸጡት ካምሪዎች ላይ ያለው የ2.4 ሊትር ሞተር ሌላ ችግር አለበት። ቴስታታውን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች፣ በተለይም ከኋላ በኩል ያሉት፣ የታሰሩበትን የአሉሚኒየም ጥርስ ይዘው ይላቀቃሉ። ውጤቱ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መፍሰስና የሞተር መጋል ነው። ጥገናው ውድ ነው።

ከ2007 በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሸጡ ባለ ስድስት ሲሊንደር ካምሪዎች ላይ ደግሞ ዘይት የሚያስተላልፍ አንድ ቱቦ ከፊሉ ከጎማ የተሠራ ነበር። ጎማው ከተቀደደ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ዘይቱን ሊያጣ ይችላል። ፋብሪካው ቱቦውን በብረት እንዲተካ አድርጓል። ገዢው ማረጋገጥ ያለበት መተካቱን ነው።

በ2010 እና በ2011 ሞዴሎች ላይ ያለው የ2.5 ሊትር ሞተር ከቀዳሚው የተሻለ ስም አለው። ያም ሆኖ የውሃ ፓምፑ ሊያፈስ ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳም ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል።

ከአምራቹ የጥገና ጥሪዎችም መረሳት የሌለባቸው አሉ። በ2010 በነዳጅ መስጫ ፔዳል ምክንያት፣ በ2012 ደግሞ እሳት ሊያስነሳ በሚችል የመስኮት ማብሪያ ምክንያት የዚህ ትውልድ ካምሪዎች ለጥገና ተጠርተዋል። የ2012ቱ ጥሪ በመላው ዓለም ከ7 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ያካተተ ነበር። የደኅንነት ጥሪ ጥገና በነፃ ይከናወናል።

አኮርድና ሶናታስ?

ካምሪ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሆንዳ አኮርድ ወይም ወደ ሂዩንዳይ ሶናታ ይዞራል። ከ2008 እስከ 2012 የተሸጡት ባለ ስድስት ሲሊንደር አውቶማቲክ አኮርዶች ነዳጅ ለመቆጠብ ከፊል ሲሊንደሮቻቸውን የሚያሳርፍ ሥርዓት አላቸው። ይህ ሥርዓት ዘይት ከመብላትና ካንዴላ ከማበላሸት ጋር ተያይዞ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ከ2011 እስከ 2014 የተሸጡት ሶናታዎች ችግር ከዚህ ይከፋል። በሞተሩ ምርት ወቅት የቀሩ የብረት ብናኞች ዘይት ወደ ኩሽኔታዎቹ እንዳይደርስ በማድረጋቸው በጉዞ ላይ ሞተራቸው የቆመ መኪኖች ነበሩ። በአሜሪካ በ2015 የተጀመረው የጥገና ጥሪ በ2017 ሰፍቶ ካናዳንም አካቷል።

አኮርድ ወይም ኮሮላ የሚገዙ ደግሞ የታካታ የአየር ከረጢት መለወጡን ማረጋገጥ አለባቸው። ያረጀው የታካታ መንፊያ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪ ሊወረውር ይችላል።

ቅዝቃዜው ምን ይጨምራል?

በጥር 2024 በካልጋሪ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ30 ዲግሪ በላይ ወርዶ ነበር። በዚያው ሰሞን የአልበርታ ነዋሪዎች የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲቆጥቡ በአስቸኳይ መልዕክት ተጠይቀዋል። ለጊዜው እንዳይሰኩ ከተባሉት ዕቃዎች አንዱ የሞተር ማሞቂያው ነበር።

ይህ ማሞቂያ ለአሮጌ መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በብርድ ዘይት ይወፍራል፤ ባትሪም ከኃይሉ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ሞተሩን ለማዞር ብዙ ጉልበት የሚያስፈልገው ባትሪው በደከመበት በዚያው ሰዓት ነው። ዘይቱ የጎደለ ሞተር በዚህ ላይ ሲጨመርበት መበላቱ ይፋጠናል። ከሞቃታማ የአሜሪካ ግዛቶች የመጣ መኪና ማሞቂያው ላይኖረው ስለሚችል ገመዱ መኖሩንና መሥራቱን ማየት ይገባል።

ቁልፉን ትቶ መኪናን ደጅ ማሞቅ ግን መፍትሔ አይሆንም። የካልጋሪ ፖሊስ በየክረምቱ ስለዚህ ልማድ ዘመቻ የሚያካሂደው እንዲህ የተተዉ መኪኖች ስለሚሰረቁ ነው።

በረዶ፣ ጠጠርና ጨው

የካልጋሪ አየር ደረቅ በመሆኑ መኪኖቿ ጨው በብዛት ከሚረጭባቸው ከኦንታሪዮና ከኬቤክ መኪኖች ያነሰ ዝገት ይታይባቸዋል። ስለዚህ ከዚያ የመጣ መኪና ከሥሩ መታየት አለበት። በመንገዱ ላይ የሚበተነው ጠጠር ደግሞ የፊት መስታወት ይሰነጥቃል።

ሌላው ስጋት የበጋው ጠጣር በረዶ ነው። በሰኔ 2020 እና በነሐሴ 2024 የወረደው በረዶ ብዙ ስደተኞች የሚኖሩበትን ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪን ክፉኛ መትቷል። ሁለቱም አደጋዎች ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የመድን ክፍያ አስከትለዋል። ከዚያ በኋላ የመድን ድርጅቶች «አይጠገንም» ብለው የተዉት መኪና ተጠግኖና ተመርምሮ ወደ ገበያ ሊመለስ ይችላል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ገዢው ግን ታሪኩን አውቆ በዚያው ልክ መክፈል አለበት።

ሕጉ ገዢውን እስከምን ይጠብቃል?

በኢትዮጵያ መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፤ ቦሎ ይለጠፍበታል። በአልበርታ ለግል መኪና እንዲህ ያለ ዓመታዊ ምርመራ የለም። ታርጋ ያለው መኪና በቅርቡ የተመረመረ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ መኪና ግን ከመመዝገቡ በፊት ይመረመራል።

የመኪና ነጋዴዎችን የሚቆጣጠረው አምቪክ የተባለው አካል ነው። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ በመካኒክ የተሞላ የብቃት ምዘና ለገዢው መስጠት አለበት። ምዘናው የሚጸናው ለ120 ቀናት ነው። ሰነዱ ዋስትና አይደለም፤ ሞተሩ በወር ምን ያህል ዘይት እንደሚበላም አይነግርዎትም።

ከግለሰብ ሲገዙ የ5 በመቶውን የፌደራል ሽያጭ ግብር አይከፍሉም። በአንጻሩ ምዘናውንም የአምቪክን ጥበቃም አያገኙም። ፈቃድ ሳይኖራቸው መኪና እየነገዱ ራሳቸውን ግለሰብ ሻጭ የሚያስመስሉ ሰዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ክፍተት ነው። የሻጩ ስም በምዝገባ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር የማይመሳሰል ከሆነ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

መኪናውን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ለማየት ይጠይቁ። ሲደርሱ ኮፈኑ ሞቆ ካገኙት ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ምናልባት ሻጩ ሲነሳ የሚሰማውን ድምፅ ወይም የሚወጣውን ጭስ ሊያሳይዎ አልፈለገ ይሆናል። ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው መጠኑን ይመልከቱ።

በመኪናው ላይ ያለው የቻንሲ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ። በዚሁ ቁጥር ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ መኖሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። ካርፋክስ ካናዳ የአደጋ ታሪክን ያሳያል፤ የአልበርታ የምዝገባ ወኪሎች ደግሞ መኪናው የብድር ዕዳ እንዳለበት ይነግራሉ። ዕዳው ካልተከፈለ አበዳሪው መኪናውን ከእርስዎ እጅ ሊወስድ ይችላል።

በመጨረሻም ሻጩ ያልመረጠው፣ እርስዎ የመረጡት መካኒክ መኪናውን አንስቶ ከሥሩ ይየው። ሻጩ ይህን ከከለከለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።

ከገዙ በኋላ

የ2.4 ሊትሩን ካምሪ የገዛ ሰው ሁሉ ተሸውዷል ማለት አይደለም። ባለቤቱ በየጊዜው ዘይት ያስቀየረለት ሞተር ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ዘይት የሚበላውም ቢሆን መጠኑ እየታየ ከተሞላለት ወዲያው አይሞትም። ነዳጅ በሞሉ ቁጥር ዘንጉን ማየት፣ በመመሪያው የተጻፈውን ለብርድ የሚስማማ ቀጭን ዘይት መጠቀም፣ ከክረምት በፊት ባትሪውን ማስመርመር ከጥቂት ደቂቃና ከጥቂት ገንዘብ በላይ አይጠይቁም።

ካለዎት ገንዘብ ላይ ሁሉንም ለመኪናው ከፍሎ ባዶ እጅ መቅረት ግን አደገኛ ነው። የተወሰነውን ለመጀመሪያው ጥገና፣ ለባትሪና ለክረምት ጎማ ማስቀረት ያስፈልጋል። ቁጠባውን በሙሉ ያወጣ ሰው መኪናው በጥር ቢቆምበት የሚያጣው መኪናውን ብቻ አይደለም፤ ፈረቃውንም፣ ምናልባትም ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። የቶዮታ ስምም ከብዙ መኪኖቹ በላይ ይኖራል። ከስሙ ይልቅ ግን የሞዴሉን ዓመት፣ የሞተሩን ዓይነትና የጥገና ደረሰኙን የጠየቀ ገዢ በጥር ማለዳ ቁልፉን ሲያዞር የሚጠብቀውን ያውቃል።