ለጽጌረዳ ማንጠሪያ የጋዝ ምድጃ ሲመረጥ፦ ከኃይሉ በፊት ደህንነቱ

ጣኢፍ፦ በምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሰራዋት ተራሮች ላይ የምትገኘው የጣኢፍ ከተማ በየዓመቱ በማርችና በኤፕሪል ወራት በጽጌረዳ መዓዛ ትታጠናለች። በሀዳና በሸፋ ከፍታዎች የሚበቅለው አበባ ንጋት ላይ ይለቀማል፤ የፀሐይ ሙቀት መዓዛውን ሳይወስድበትም በፍጥነት ወደ መዳብ ጋኖች ይገባል። ከጣኢፍ ጽጌረዳ ጋር የተያያዙት ባህላዊ ልምዶች በ2024 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

የአሠራሩ መሠረት ከጥንት ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም። አበባውና ውሃው በጋን ውስጥ ይፈላሉ፤ እንፋሎቱ በቱቦ አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ የጽጌረዳው ውሃ በጠርሙስ ሲጠራቀም ውድ የሆነው ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። የተለወጠው እሳቱ ነው። በብዙ ማንጠሪያዎች የማገዶን ቦታ ጋዝ ወስዶታል። ጋዝ ጭስ የለውም፤ ለመቆጣጠርም ይቀላል። ይሁን እንጂ ማገዶ ሲጠፋ አደጋው አብሮት ይጠፋል፤ የጋዝ ነበልባል ሲጠፋ ግን አደጋው ያን ጊዜ ይጀምራል። በለቀማው ወቅት ሥራው ለረጅም ሰዓታት ስለሚዘልቅ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሠራተኛ ሊደክምና ሊያንቀላፋ ይችላል። ስለዚህ ምድጃ በሚመረጥበት ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ የኃይሉ መጠን ሊሆን አይገባም።

የጋዙ ጠባይ

በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ጋዞች ድብልቅ ሲሆን፣ በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን 250 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ከአየር ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ይከብዳል። በመሆኑም ካመለጠ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወለሉን ተከትሎ ይፈስና በጉድጓድ፣ በፍሳሽ ቦይና በምድር ቤት ይተኛል። ከአየሩ 2 በመቶ ያህሉን ከያዘ ደግሞ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ልታቀጣጥለው ትችላለች። በተፈጥሮው ሽታ ስለሌለው፣ ማምለጡ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የሚከረፋ ቅመም ይጨመርበታል።

ምን ያህል ኃይል ይበቃል?

50 ሊትር ውሃ የያዘ ጋን በምሳሌነት እንውሰድ። በጣኢፍ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ውሃውን ከ20 ዲግሪ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ለማፍላት፣ ከነበልባሉ ሙቀት ግማሹ በአየር እንደሚባክን ብናስብ፣ ወደ 9 ኪሎዋት ያስፈልጋል። ከፈላ በኋላ በሰዓት 5 ሊትር ለማንጠር 6 ኪሎዋት ያህል ይበቃል፤ ይህም በሰዓት ግማሽ ኪሎ ጋዝ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት 11 ኪሎ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር 20 ሰዓት ያህል ያሠራል።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ጋን 10 ኪሎዋት ገደማ ያለው፣ ነበልባሉም በእርጋታ ዝቅ ሊል የሚችል ምድጃ ተገቢ ነው። ለሠርግ ድግስ የሚያገለግሉት፣ እየጮኹ የሚነዱት ትላልቅ ምድጃዎች ከዚህ እጅግ የበለጠ ኃይል አላቸው። ትርፉ ኃይል ግን ሥራውን አያፋጥንም። ውሃው በኃይል ሲንተከተክ አበባውን ወደ ጋኑ አንገት ይገፋዋል፤ አንገቱ ከተዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ክዳኑን ሊያስፈነጥር ይችላል። ከታች ያለው አበባም ያርና መዓዛውን ያበላሻል።

ከፍታው ሌላም ውጤት አለው። በጣኢፍ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከተሞች በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለጠረፍ ከተማ የተስተካከለ ምድጃ እዚያ ሲነድ በቂ አየር ላያገኝ ይችላል። ምልክቱ ቢጫ ነበልባልና በጋኑ ቂጥ ላይ የሚታይ ጥላሸት ነው። እንዲህ ያለው ነበልባል ሽታም ሆነ ቀለም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ያመነጫል። ጤናማው ነበልባል ሰማያዊ ነው። የምድጃውን የአየር ማስገቢያ በማስተካከል ነበልባሉ ካልተስተካከለ የጋዝ ማውጫ ቀዳዳውን ባለሙያ ሊቀይረው ይገባል።

ሲገዛ መታየት ያለባቸው

አንደኛውና ዋነኛው፣ ነበልባል ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ ነው። በነበልባሉ ውስጥ የተተከለች ትንሽ የብረት ዘንግ ትኩስ እስከሆነች ድረስ ቫልቩን ከፍታ ትይዛለች። ነፋስ ነበልባሉን ቢያጠፋው ወይም ገንፍሎ የወጣ ውሃ ቢደፋበት ዘንጓ ትበርዳለች፤ ቫልቩም ይዘጋል። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ነበልባሉን አጥፍቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ቫልቩ «ቀጭ» ብሎ ሲዘጋ ይሰማል። ይህ መሣሪያ የሌለው ምድጃ ዋጋው ቢረክስም ለማንጠሪያ ሥራ አይመከርም።

ሁለተኛው የግፊት መቆጣጠሪያው፣ ማለትም ሬጉሌተሩ ነው። የቤት ውስጥ ምድጃዎች በ30 ሚሊባር አካባቢ በሆነ ዝቅተኛ ግፊት ይሠራሉ፤ ባለ ከፍተኛ ግፊት ምድጃዎች ግን እስከ 2 ባር፣ ማለትም ከዚያ ስልሳ እጥፍ በላይ ሊጠቀሙ ይችላሉ። አንዱን ሬጉሌተር በሌላው ቦታ መግጠም አደገኛ ነው። ቱቦውም ለጋዝ ተብሎ የተሠራ፣ የአገልግሎት ዘመኑ የታተመበትና ያላለፈበት ሊሆን ይገባል፤ የውሃ ጎማ የጋዝ ቱቦ አይሆንም።

ሦስተኛው መቆሚያው ነው። 50 ሊትር ውሃ ብቻውን 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ጋኑና አበባው ሲጨመሩበት ደግሞ ክብደቱ የበለጠ ነው። መቆሚያው ሳይነቃነቅ ይህን ሁሉ መሸከም፣ መከለያውም አየር ሳያፍን ነፋስን መመከት አለበት።

አቀማመጡና አያያዙ

ሲሊንደሩ ከማንጠሪያው ክፍል ውጭ፣ በጥላ ሥር፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከተጋደመ ፈሳሹ ጋዝ ወደ ሬጉሌተሩ ሊገባ ይችላል። ክፍሉ ከላይ ብቻ ሳይሆን በወለሉ ደረጃም አየር ማስወጫ ያስፈልገዋል፤ ያመለጠ ጋዝ መውጫ የሚያገኘው ከታች ነውና። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ እያመለጠ ነው። ማምለጡን በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ጋኑ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላ። ክዳኑ ላይ ከባድ ነገር አይጫን፤ የእንፋሎት ቱቦውም ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ይፈተሽ። የማቀዝቀዣው ውሃ ከተቋረጠ ወይም የጋኑ ውሃ ሊያልቅ ከተቃረበ እሳቱ ወዲያውኑ ይጥፋ። የጽጌረዳ እንፋሎት በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ በነበልባል አይያዝም፤ የአልኮል ትነት ግን ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሽቶ ለመቀመም የሚውል አልኮል ምድጃው ባለበት ክፍል ውስጥ አይከፈት፤ አይቀመጥም።

የጋዝ ሽታ ሲሰማ

መብራት አያብሩ፤ የበራውንም አያጥፉ፤ ስልክዎንም በዚያ ክፍል ውስጥ አይጠቀሙ። የሚቻል ከሆነ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፤ በሩን ክፍት ትተው ሰዎቹን ሁሉ ይዘው ይውጡ። ከራቁ በኋላ በሳዑዲ ዓረቢያ የሲቪል መከላከያን በ998፣ ጣኢፍን በሚያካትተው በመካ ክልል ደግሞ በ911 ይደውሉ።

በማንጠሪያ ቤት ለመሥራት የሚቀጠር ሠራተኛ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት አሠሪውን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል፦ እሳቱ በሌሊት ቢጠፋ ጋዙን የሚዘጋው ማን ነው? መልሱ «አንተ ነህ» ወይም «አንቺ ነሽ» ከሆነ ምድጃው መለወጥ አለበት። ሰው ይደክመዋል፤ ያንቀላፋልም። ቫልቩ ግን አያንቀላፋም።