ለሎደር የሚደረግ የዕለት እንክብካቤ ብልሽትንና የሕይወት አደጋን ይቀንሳል

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እንደ ጀሞና ለቡ ባሉ የግንባታ አካባቢዎች አፈር፣ አሸዋና ጠጠር ለማንሳት ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ በትራክተር ፊት የሚገጠም ሎደር ነው። የመሣሪያው ዕድሜም ሆነ የሠራተኛው ደኅንነት በአብዛኛው የሚወሰነው በየዕለቱ በሚደረግለት እንክብካቤ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘልቀው ክረምት የአካባቢው ጥቁር የዋልካ አፈር በመሣሪያው ላይ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ይበረታል። ጭቃውና አቧራው በፒንና በቡሽ መካከል ሲገቡ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበሉታል። በመሆኑም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከሠራ በኋላ አሮጌው ግራሶ ከቆሻሻው ጋር ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ በመገጣጠሚያዎቹ አዲስ ግራሶ ሊሰጥ ይገባል።

የሃይድሮሊክ ዘይት መጠን የሚለካው ትራክተሩ በደልዳላ ሥፍራ ቆሞ፣ የሎደሩ አካፋ መሬት ላይ ካረፈና ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ክንዱ ተነስቶ ሳለ ከተለካ፣ ከዘይቱ ከፊሉ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ስለሚሆን የጎደለ ይመስላል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታልና መለወጥ አለበት።

የሚያፈስ ቱቦን በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ከቤት መኪና ጎማ ግፊት ከ40 እጥፍ በላይ ነው። እንደ ፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢመስልም ተጎጂው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ካልተወሰደ እጁን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል። ፍሳሹን በካርቶን ቁራጭ መፈለግ ግን ይቻላል።

ክንዱ ተነስቶ ሳለ ከሥሩ ገብቶ መሥራትም ለሞት ይዳርጋል። ሞተሩ ቢጠፋም እንኳ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም ማንሻው ቢነካ ክንዱ በቅጽበት ይወርዳል። ከሥሩ መግባት ግድ ከሆነ ክንዱ በብረት ድጋፍ መታገድ ይኖርበታል።

ጭነቱ የትራክተሩን የፊት ጎማዎችና አክስል ስለሚጫን፣ ከኋላ ማመጣጠኛ ክብደት መግጠም፣ የጎማ ንፋስን መፈተሽና የላሉ ብሎኖችን ማጥበቅ ያስፈልጋል። በጉዞ ወቅትም አካፋውን ዝቅ አድርጎ መንዳት መገልበጥን ይከላከላል።

ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለዚህ ፍተሻ የሚውሉት ጥቂት ደቂቃዎች፣ ከሚያስቀሩት ወጪና ጉዳት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ አነስተኛ ናቸው።