ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሲቀየር

ዋናው ባትሪ 70 በመቶ ሞልቶ ሳለ አልነሣ የሚል የኤሌክትሪክ መኪና አለ። ሪሞቱን ቢጫኑት ዝም ነው፤ ዳሽቦርዱ አይበራም፤ ቻርጀር ቢሰኩለትም ላይቀበል ይችላል። ባለቤቱ ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰበት መኪና የተቃጠለ መስሎት ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው አንዲት ተራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ብርቅ መሆኑ ቀርቷልና ይህን ማወቅ ከብዙ ድንጋጤ ያድናል።

የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚይዝ፣ መኪናው ሲቆም በትልልቅ ሪሌዎች ተቆርጦ ይቀመጣል። ሪሌዎቹን የሚያዛቸው 12 ቮልቱ ነው፤ እሱ ከወረደ ትልቁን የሚያገናኝ የለም። የቤንዚንና የናፍጣ መኪናም ቢሆን ከዚህ አልራቀም። ካዲላክ በ1912 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ይዞ ሲወጣ ባትሪው ሞተር የማስነሣት ሥራ ተሰጠው። ዛሬ ግን በርካታ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ከእሱ ይመገባሉ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ወዲያው አይተኙም። ስለዚህ ባትሪ መፍታትና ማሰር እንደ ድሮው ነው፤ የተለወጠው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። የወረደ ባትሪ ሁሉ የሞተ ባትሪ አይደለም። መኪናው ለጥቂት ሰዓት ቆሞ ሳለ ተራ የሊድ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከሆነ ሊያልቅ ነው። መብራት በርቶ አድሮ ወይም መኪናው ሳምንታት ቆሞ የወረደ ከሆነ በቻርጀር ሞልቶ እንደገና መፈተን ይገባል። ሞልቶም ሞተር ሲነሣ ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ደክሟል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ካላዩ ዲናሞውን መጠርጠር ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብለው ዲናሞውን ያሳርፉታል፤ አንዴ አነስ ያለ ቁጥር አይተው ዲናሞ አይለውጡ።

ዲናሞ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኬብል መንቀል በየጋራዡ የተለመደ ነበር። በዘመናዊ መኪና ላይ ይህ ሙከራ ሳይሆን ጥፋት ነው። ዲናሞው እየሞላ ሳለ ባትሪው ድንገት ሲነጠልበት፣ ለቅጽበት ከ80 ቮልት በላይ ወደ መኪናው ሽቦ ሊለቅ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ የሚቃጠለው በዚያች ቅጽበት ነው። እጁን ወደ ኬብሉ የሚሰድ ባለሙያ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ቢሄዱ አያስወቅስም።

ባትሪ ሲመርጡ ከመጠኑና ከአምፒሩ ሌላ ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛው የፖዘቲቩ አቅጣጫ ነው። በጃፓን ሥሪት ባትሪ ኮድ መጨረሻ ላይ ያለው ኤል ወይም አር የሚለው ፊደል ይህን ይነግራል፤ ከተሳሳቱ ኬብሉ አይደርስም፤ ጎትተው ካደረሱት ደግሞ የባሰ ነው። ሁለተኛው ዓይነቱ ነው። ትራፊክ መብራት ላይ ሞተሩን ራሱ አጥፍቶ ራሱ የሚያስነሣ መኪና ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ የተባለውን ባትሪ ይፈልጋል። በእሱ ፈንታ ርካሹን ተራ ባትሪ ቢያስገቡ ቶሎ ይሞታል። በኤጂኤም ላይ ውሃ አይጨመርም፤ ክዳኑም አይከፈትም።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ መኪናውን አጥፍተው ቁልፉን ራቅ ያድርጉ፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ባትሪው ከኋላ ከሆነ የኋላው በር እንዳይዘጋብዎት ይጠንቀቁ፤ መቆለፊያው ራሱ በኤሌክትሪክ ነውና። ከዚያ ኔጌቲቩን መጀመሪያ ይፍቱ። የመኪናው ብረት በሙሉ ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከፖዘቲቩ ቢጀምሩና በእጅዎ ያለው 10 ቁጥር ቁልፍ ድንገት ቦዲውን ቢነካ ሾርት ይሆናል፤ ቁልፉ ይግላል፣ ይፈነጥቃል። ባትሪ ሲሞላ ደግሞ ሃይድሮጅን ስለሚወጣው ፍንጣሪው ሊያፈነዳው ይችላል። ሲያስሩ ግን ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሆናል። እንደ ብዙዎቹ ፕሪየሶች ያሉት ባትሪያቸው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሆነ ጋዙን ወደ ውጭ የምታወጣ ቀጭን ቱቦ አለቻቸው፤ እሷን መልሶ መሰካት እንዳይረሳ። የባትሪው ማሰሪያም በደንብ ይጥበቅ፤ ኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ ባትሪ ዕድሜው አጭር ነው።

በብዙ አዳዲስ መኪኖች የኔጌቲቩ ማሰሪያ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ያያሉ። ወደ ባትሪው የሚገባውንና የሚወጣውን ኤሌክትሪክ የሚቆጥር ሴንሰር ነው። በመዶሻ መምታት፣ እየጠመዘዙ መንቀል አይወድም። ኮምፒውተሩ ከእሱ በሚያገኘው መረጃ የባትሪውን ዕድሜ እያሰላ አሞላሉን ያስተካክላል። ቢኤምደብልዩን የመሰሉ መኪኖች አዲስ ባትሪ መግባቱ በመመርመሪያ ማሽን ካልተነገራቸው አዲሱን እንደ አሮጌ ቆጥረው ይሞሉታል። ስለዚህ ከባትሪው ዋጋ በፊት ሻጩን «ትመዘግቡልኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ቻርጀሩ ይነቀል፤ ብርቱካናማ ኬብል የሚባል አይነካ፤ እሱ የከፍተኛ ቮልት ነው። የአንዳንዶቹ 12 ቮልት ሊቲየም ስለሆነ፣ ማኑዋሉ ካልፈቀደ በሊድ አይተካም።

ሁሉም ታስሮ ሲነሣ ዳሽቦርዱ ላይ የማያውቁት መብራት ቢበራ ወዲያው አይሸበሩ። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረው ጥቂት ሲነዱ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። በአንድ ንክኪ አልዘጋ ያለ መስኮት ካለ እስከ ላይ ዘግተው የመስኮቱን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙት፤ አብዛኞቹ በዚህ ይመለሳሉ። ሬዲዮው ኮድ ከጠየቀ ግን ኮዱን ከመኪናው ሰነድ ውስጥ መፈለግ ነው።