የማቀዝቀዣ ጭነት መኪና ሾፌሮች የሥራ ሰዓትና የሌሊት ጉዞ (አሜሪካ)

የማቀዝቀዣ ጭነት መኪና፣ በሾፌሮች አጠራር «ሪፈር»፣ ሥጋ፣ ወተት፣ አትክልት፣ መድኃኒትና የመሳሰሉትን በተወሰነ ቅዝቃዜ ጠብቆ የሚያጓጉዝ ከባድ መኪና ነው። በአሜሪካ የዚህ መኪና ሾፌር በቀን የሚነዳው ሰዓት በፌዴራል ደንብ የተወሰነ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማሩት መካከል በአገሪቱ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይገኛሉ።

ማቀዝቀዣው

ማቀዝቀዣው በተሳቢው ፊት ላይ የተገጠመ ሲሆን በአብዛኛው የራሱ የናፍጣ ሞተርና የነዳጅ ጋን አለው። ስለዚህ መኪናው ቆሞም ይሠራል። ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ፈልሳፊ ለጭነት መኪና ማቀዝቀዣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። የበረደ ምግብ በ-18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ሰላጣ በ0 ዲግሪ አካባቢ፣ ሙዝ ደግሞ በ13 ወይም 14 ዲግሪ ይጓዛል። ማቀዝቀዣው የቀዘቀዘውን ጭነት ባለበት ለማቆየት እንጂ የሞቀውን ለማብረድ የተሠራ አይደለም።

የሥራ ሰዓት ደንብ

የመጀመሪያው ደንብ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወጣ። የዛሬውን ደንብ የሚያስፈጽመው የፌዴራል የሞተር አጓጓዦች ደህንነት አስተዳደር ነው። ዋና ዋና ድንጋጌዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

- ሾፌሩ 10 ሰዓት በተከታታይ ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል።
- ሥራ ከጀመረ 14 ሰዓት ካለፈው፣ 11ዱን ሰዓት ባይጨርስም መንዳት አይፈቀድለትም።
- 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ የ30 ደቂቃ እረፍት ግዴታ ነው።
- በ7 ቀን 60 ወይም በ8 ቀን 70 ሰዓት ከሠራ በኋላ መንዳት ያቆማል። 34 ሰዓት በተከታታይ ካረፈ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ አብዛኞቹ መኪኖች ሰዓቱን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘግባሉ። ቀደም ሲል ሾፌሩ በእጁ ይጽፍ ስለነበር መዝገቡን ማስተካከል ቀላል ነበር።

ሥራው ወደ ሌሊት የሚያመራበት ምክንያት

አንደኛው ምክንያት ገበያው ነው። የምግብ መጋዘኖችና የጅምላ ገበያዎች፣ ለምሳሌ በኒው ዮርክ የሚገኘው ሃንትስ ፖይንት፣ ሱቆች ጠዋት ከመከፈታቸው በፊት ዕቃ ለማድረስ ሌሊት ይሠራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ራሱ የደንቡ አቆጣጠር ነው። ሾፌሩ 11 ሰዓት ነድቶ፣ ግማሽ ሰዓት አርፎ፣ ከዚያ 10 ሰዓት ቢተኛ ዙሩ የሚያልቀው በ21 ሰዓት ተኩል ነው። ሳያቋርጥ የሚጓዝ ሾፌር በየቀኑ በ2 ሰዓት ተኩል ቀድሞ ይነሣል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከጀመረ፣ ቀጥሎ ከሌሊቱ 9፡30፣ ከዚያ ከሌሊቱ 7፡00፣ በአራተኛው ዙር ደግሞ ከምሽቱ 4፡30 ይጀምራል። ከካሊፎርኒያ ሰላጣ ጭኖ ወደ ኒው ዮርክ የሚሄድ ሰው 4,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ቀን የጀመረውን ጉዞ ሌሊት እየነዳ ይጨርሳል። ሁለት ሾፌሮች እየተቀያየሩ ሲነዱ መንገዱ ያጥራል፤ ነገር ግን አንዱ የሚተኛው በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት በመጋዘን በር ላይ ወረፋ መጠበቅ ነው። የ14 ሰዓቱ ቆጠራ በመጠበቅ አይቆምም። 6 ሰዓት የጠበቀ ሾፌር ለመንዳት የሚቀረው ቢበዛ 8 ሰዓት ነው። ብዙዎች የሚከፈላቸው በተነዳው ማይል ስለሆነ የጠፋውን ጊዜ በሌሊት ለማካካስ ይገፋፋሉ። በ2020 የተሻሻለው ደንብ 10ሩን ሰዓት እረፍት ለሁለት መክፈልን (ለምሳሌ 7 ሰዓት በመኪናው አልጋ ላይ፣ 3 ሰዓት ሌላ ጊዜ) ፈቅዷል፤ በዚህ መልክ የተወሰደ እረፍት ከ14 ሰዓቱ አይቆጠርም።

ድካምና እንቅልፍ

የሰው አካል ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቅልፍ ይበረታበታል፤ ማንጎላጀትም የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ቀን የሚተኛ ሾፌር ደግሞ ብርሃን፣ ሙቀትና ጫጫታ እንቅልፉን ይቆራርጡበታል። በሪፈር ላይ የማቀዝቀዣው ሞተር ከአልጋው ጀርባ እየተነሣና እየጠፋ ማሰማቱ ይጨመራል።

ደንቡ የሥራን ሰዓት እንጂ የእንቅልፍን ሰዓት አይለካም። በጁን 2014 በኒው ጀርሲ አውራ ጎዳና ላይ አንድ የጭነት መኪና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ኮሜዲያን ትሬሲ ሞርጋን የነበረበትን ተሽከርካሪ ከኋላ ገጭቶ አንድ ሰው ሞተ። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ሾፌሩ 28 ሰዓት ሳይተኛ እንደቆየ ታውቋል፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከቤቱ ወደ ሥራ ቦታው ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ነበር። በመዝገቡ ላይ ግን 14 ሰዓቱ ገና አላለቀም ነበር።