ጎጂ ዋቅላሚ በቤት ውስጥ የጨው ውሃ ዓሣ ገንዳ

ዋቅላሚ (አልጌ) በብርሃን ኃይል ምግቡን ራሱ የሚያዘጋጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ውስጥ የሚኖር፣ እውነተኛ ሥርና ቅጠል የሌለው ሕያው ነገር ነው። የባሕር ዓሣና ኮራል በቤታቸው በሚያኖሩ ሰዎች ዘንድ «ጎጂ ዋቅላሚ» የሚባለው አንድ የተወሰነ ዝርያ ሳይሆን፣ ከልክ በላይ በዝቶ ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ኮራሉን የሚሸፍን ማንኛውም ዓይነት ነው። ጥቂት ዋቅላሚ ችግር አይደለም፤ ጤነኛ በሆነ የኮራል ሪፍ ላይም ሁልጊዜ አለ። ችግር የሚሆነው ኮራሉን ከብርሃን ሲጋርድና በሌሊት ኦክስጅን ሲሻማ ነው።

መንስኤው

ዋቅላሚ ለማደግ ብርሃን፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይፈልጋል። በገንዳ ውስጥ የኋለኞቹ ሁለቱ በአብዛኛው የሚገቡት በዓሣው ምግብ ነው። ከምግብ ትርፍራፊና ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ኦክስጅን በማይደርስበት የድንጋይ ውስጠኛ ክፍል የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ከናይትሬቱ የተወሰነውን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ስለሚቀይሩት ወደ አየር ይወጣል። ፎስፌት ግን እንዲህ ያለ መውጫ የለውም። ሰው ካላወጣው በስተቀር እዚያው ይከማቻል፤ ከካልሲየም ካርቦኔት በተሠራው ድንጋይና አሸዋ ላይ ይጣበቃል፤ ውሃው ሲጠራም መልሶ ይለቀቃል። ውሃው ከተቀየረ በኋላ ዋቅላሚው ለሳምንታት የማይቀንስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሳስተው የመለኪያው ውጤት ነው። ገንዳው በአረንጓዴ ፀጉር ተሸፍኖ ሳለ ምርመራው «ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ» ሊል ይችላል። መለኪያው አልተሳሳተም። የሚለካው በውሃው ውስጥ የቀረውን ብቻ ነው፤ የጎደለውን ዋቅላሚው በልቶታል።

ሌላው ምንጭ ውሃው ራሱ ነው። ከገንዳው የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ የሚሞላ ሰው በየቀኑ ጥቂት ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት ይጨምራል። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ መጠቀም ይመከራል።

ማንነቱን መለየት

ከማንኛውም እርምጃ በፊት የበቀለው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሳልና። በአዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ቡናማ ዱቄት መሰል ሽፋን ብዙውን ጊዜ ዲያቶም ነው። ሲሊኬቱ ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል፤ ትዕግሥት እንጂ መድኃኒት አይፈልግም። እንደ ጨርቅ ተገፎ የሚነሳው ቀይ ወይም ሐምራዊ ሽፋን ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ በስህተት ዋቅላሚ ይባል እንጂ ባክቴሪያ ነው። ረጅሙ አረንጓዴ ፀጉር ደርቤሲያና መሰሎቹ ሲሆኑ፣ ብራዮፕሲስ ደግሞ በላባ መሰል ቅርጹ ይለያል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ዳይኖፍላጀሌት ነው። የአየር አረፋ ያዘለ ቡናማ ዝልግልግ ሆኖ ይታያል፤ ሌሊት ይሳሳል፣ መብራት ሲበራ ይመለሳል። እንደ ኦስትሬዮፕሲስ ያሉት ዝርያዎች መርዝ ስላላቸው ቀንድ አውጣዎችን ይገድላሉ። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በቆሸሸ ገንዳ ሳይሆን፣ ባለቤቱ ናይትሬትና ፎስፌትን ጨርሶ ለማጥፋት በታገለበት ገንዳ ነው። ተፎካካሪዎቹ በረሃብ ሲሞቱ እሱ ሜዳውን ይይዛል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ናይትሬትና ፎስፌትን መልሶ በጥቂቱ መጨመር ይሆናል። ዲያቶምና ዳይኖፍላጀሌት በዓይን ስለሚመሳሰሉ ርካሽ የተማሪ ማይክሮስኮፕ ከብዙ ጠርሙስ መድኃኒት ይሻላል።

መቆጣጠሪያ መንገዶች

ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናይትሬትን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በሊትር፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ማቆየትን ይመርጣሉ። ዒላማው ዜሮ አይደለም፤ ኮራሉም ይበላል።

የመጀመሪያው ሥራ በእጅ መንቀል ነው። አሰልቺ ቢሆንም የተነቀለው ዋቅላሚ የያዘውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይዞ ስለሚወጣ እንደ ማጣሪያ ያገለግላል። ከዚያ ምግብ መቀነስ፣ ውሃውን በከፊል መቀየር፣ ፕሮቲን ስኪመር መጠቀምና የመብራቱን ሰዓት ማሳጠር ይከተላሉ። ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ ጥራጥሬ ፎስፌትን ይይዛል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ከተጨመረ ኮራሉን ይጎዳል።

ዋቅላሚን በዋቅላሚ መዋጋትም ይቻላል። ኬቶሞርፋ የተባለውን ዓይነት በተለየ ክፍል በማብቀልና በየጊዜው በማጨድ ለጎጂው የሚቀረው ምግብ ይቀንሳል። የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ዋልተር ኤዲ በዚሁ ሐሳብ የሠሩት የዋቅላሚ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1982 ፓተንት አግኝቷል።

በላተኞች እንስሳት ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ባሕሩ ራሱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 በካሪቢያን ባሕር ባለ ረጅም እሾሁ የባሕር ጃርት በበሽታ አብዛኛው አለቀ፤ ከዚያ በኋላ በተለይ በጃማይካ የኮራል ሪፎች በዋቅላሚ ተሸፈኑ። ከመጠን ያለፈ ዓሣ ማጥመድና አውሎ ነፋስም ለዚህ አስተዋጽኦ ነበራቸው። በቤት ገንዳ ይህን ሥራ ቱርቦ ቀንድ አውጣ፣ የባሕር ጃርት፣ እንዲሁም እንደ ቀይ ባሕሩ ሐምራዊ ታንግ ያሉ ዓሦች ይሠራሉ። ታንግ ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል። ቀንድ አውጣዎችም ዋቅላሚው ሲያልቅ በረሃብ ስለሚሞቱ፣ ለአንድ ሳምንት ጽዳት ተብሎ ብዙ መግዛት ትክክል አይደለም።

መድኃኒት የመጨረሻ አማራጭ ነው። መዳብ ያለበት ፀረ ዋቅላሚ ቀንድ አውጣን፣ ሸርጣንንና ኮራልን ይገድላል። ብዙ ዋቅላሚ ባንድ ጊዜ ሲሞትም መበስበሱ ኦክስጅኑን ስለሚጨርስ ዓሦቹ ታፍነው ሊያልቁ ይችላሉ።

አወጋገድ

የተነቀለ ዋቅላሚ ወደ ባሕር፣ ወንዝ ወይም የውሃ መፋሰሻ መጣል የለበትም። ለገንዳ ጌጥ ይሸጥ የነበረው ካውለርፓ ታክሲፎሊያ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም አጠገብ በባሕሩ ወለል ላይ ተገኘ። በወቅቱ የሸፈነው አንድ ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከቁራጭ እንደገና ስለሚበቅል በኋላ እስከ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስፔንና ክሮኤሽያ ጠረፎች ተዛመተ። በ2000 በካሊፎርኒያ ሲታይ ግን ባለሥልጣናት ወዲያው በሸራ ሸፍነው ክሎሪን ረጩበት፤ በ2006 መጥፋቱ ሲታወጅ ወጪው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የተነቀለው በፀሐይ ደርቆ ወይም በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ በላስቲክ ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣላል።